ከዐውሎ ነፋስና ከጎርፍ ማግስት፦ ለአዳማ የሕንፃ ጥገና ሠራተኞች የተዘጋጀ የሥራ መመሪያ

በአትላንቲክ ዳርቻ ያሉ አገሮች ሃሪኬን የሚሉት ዐውሎ ነፋስ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍስ፣ ጉልበቱን ከሞቀ የባሕር ውሃ የሚያገኝ፣ የብስ ላይ ሲወጣም እየተዳከመ የሚሄድ በመሆኑ አዳማ አይደርስም። በአካባቢያችን የሚታወቀው የዚህ ማዕበል ዓይነት በሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ሳይክሎን ሲሆን፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ሶማሌላንድን መትቶ በምሥራቅ ኢትዮጵያም ጎርፍ አስከትሎ ነበር። አዳማን የሚጎዳት ግን የራሷ ነፋስና የራሷ ጎርፍ ነው። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በኮረብታዎች ተከብባ የተቀመጠች እንደ መሆኗ፣ በክረምት የሚጥለው ዶፍ ከከፍታው ተጠራርጎ ወደ መሐል ከተማ ለመውረድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ነፋሷም በአዳማ አንድና በአዳማ ሁለት ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታመነበት ነፋስ ነው። ቆርቆሮ የሚገነጥል ንፋስና ምድር ቤት የሚሞላ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከተገናኙ፣ በማግስቱ የጥገና ሠራተኛውን የሚጠብቀው ሥራ ሃሪኬን ባለፈበት ከተማ ያለው የሙያ ባልደረባው ከሚሠራው በስፋት እንጂ በዓይነት አይለይም።

የእነዚያ አገሮች ልምድ ደጋግሞ የሚያሳየው ሰው የሚጎዳው ማዕበሉ ሲያልፍ ብቻ አለመሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሎራ የተባለው ሃሪኬን የአሜሪካዋን ሉዊዚያና ሲመታ፣ በግዛቲቱ ከሞቱት መካከል በርካቶችን የገደለው ነፋሱ ወይም ውሃው ሳይሆን መብራት ሲጠፋ የተነሣው ጄኔሬተር የሚተፋው ጭስ ነበር። እርጥብ ማከፋፈያ ሳጥን መንካት፣ የላላ ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ መግባት፣ ውሃን ከምድር ቤት በጥድፊያ መምጠጥ፣ እነዚህ ሁሉ አደጋው ካለፈ በኋላ የሚመጡ አደጋዎች ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ በጥገና ሠራተኛው እጅ ላይ የሚወድቁ ናቸው።

በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ የሚከብደው እምቢ ማለት ነው። ከታች ሱቅና መድኃኒት ቤት፣ ከላይ ቢሮና መኖሪያ በያዘ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ሰው ገና ከበሩ ሳይገባ ይከበባል። ፍሪጅ ውስጥ ሥጋ ያላቸው እናት «ልጄ፣ መብራቱን ቶሎ ልቀቅልን እንጂ» ይላሉ፤ ባለ ሱቁ ይቆጣል፤ የሕንፃው ባለቤት በስልክ ይጮኻሉ። የሚሰጠው መልስ አጭርና ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል፦ «እትዬ፣ መስመሩ ሳይመረመር አይለቀቅም። መርምሬ እንደጨረስኩ መጀመሪያ የምነግረው ለእርስዎ ነው።» ይህን ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ቃልዎን ጠብቀው የደረሱበትን በየጊዜው መንገር ያስፈልጋል፤ ሰው የሚታገሠው ሥራው የት እንደደረሰ ሲያውቅ ነው።

ከመግባት በፊት

ሕንፃውን በቀን ብርሃን፣ ከውጭ ጀምረው ዙሪያውን ይመልከቱ። የሚፈስ ውሃ ካለ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ሰው ሊጥል ስለሚችል፣ ከሥሩም ክዳኑ የተነሣ ማንሆል ሊኖር ስለሚችል አይሻገሩት። የተበጠሰ ወይም የረገበ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካዩ ቢያንስ 10 ሜትር ርቀው ሌሎችንም ያርቁና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ፤ ሽቦው የነካው የቆርቆሮ አጥር ወይም የብረት በር እንደ ሽቦው ሊቆጠር ይገባል። የሲሊንደር ጋዝ ሽታ ካለ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም፣ ክብሪትም አይጫርም፤ በርና መስኮት ከፍቶ፣ የሚደረስበት ከሆነ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘግቶ መውጣት ነው።

ከዚያ የሚታየው ግንቡ ነው። ጎርፍ የመሠረቱን አፈር አጥቦ ወስዶት እንደሆነ በማዕዘኖችና የአሸንዳ ውሃ በሚወርድባቸው ቦታዎች ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የብሎኬት አጥር ውሃ የጠገበ አፈር ሲገፋው ከቀናት በኋላም ሊወድቅ ይችላልና ያዘነበለ አጥር ሥር ዕቃ መደርደርም ሆነ ሰው ማሳለፍ አይገባም። ስንጥቅ ሲያገኙ አዲስ መሆኑንና አለመሆኑን ይለዩ፤ የቆየ ስንጥቅ በውስጡ አቧራ፣ የሸረሪት ድር ወይም ከዚህ በፊት የተቀባ ቀለም ይኖረዋል፣ አዲሱ ግን ጠርዙ ንጹሕና ስል ነው። በአዲሱ ስንጥቅ ላይ መዳፍ የሚያህል ስስ የጂፕሰም ልጥፍ አድርገው ቀኑን ይጻፉበት። ልጥፉ በሚቀጥሉት ቀናት ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ከጥገና ሠራተኛ ሥልጣን አልፎ የስትራክቸር መሐንዲስ ጉዳይ ይሆናል። ምሰሶ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ፣ የተጋለጠ ፌሮ፣ ወይም በድንገት አልዘጋ ያለ በር ካለ የጂፕሰሙን ውጤት ሳይጠብቁ ሰው ከሕንፃው ያስወጡ።

ምንም ነገር ከማንሣትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ የውሃው መስመር ግድግዳው ላይ የት እንደደረሰ፣ የወደቀው ቆርቆሮ የት እንደነበረ፣ የእያንዳንዱ ማሽን የስም ሰሌዳ ጭምር። ኢንሹራንስ ያለው ሕንፃ ከሆነ ይህ ፎቶ ገንዘብ ነው።

ኤሌክትሪክ

ዋናው ማቋረጫ ያለበት ቦታ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ወይም እርጥብ ወለል መርገጥ የግድ ከሆነ አይሂዱ፤ ኃይሉ ከውጭ፣ ከምሰሶው እንዲቋረጥ አገልግሎቱን ይጠይቁ። በደረቅ ወለል የሚደረስበት ከሆነ ግን የጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርገው፣ በደረቅ እጅ፣ መጀመሪያ ቅርንጫፍ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ፣ በመጨረሻ ዋናውን ያውርዱ። ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፤ «ሰው እየሠራ ነው፣ አትንኩ» የሚል ጽሑፍም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጥፉ። ከተማው በሙሉ መብራት የሌለው መሆኑ ዋስትና አይደለም። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ይችላል፤ ጎረቤት ያለ ማዘዋወሪያ ማብሪያ (ጄኔሬተሩን ከከተማው መስመር የሚለየው) በመስመሩ ላይ ያገናኘው ጄኔሬተርም የሞተ የመሰለውን ሽቦ ሊያነቃው ይችላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስቱም ፌዞች (ኃይል የሚያመጡት ሽቦዎች) እና ኒውትራሉ (የመልስ ሽቦው) በቴስተር ይፈተሻሉ፣ ቴስተሩ ራሱ መሥራቱም ቀድሞ ይረጋገጣል።

የጎርፍ ውሃ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ደለል፣ ጨውና ፍሳሽ ይዞ ይገባል፤ ውሃው ሲተን እነዚህ በብረቱና በመገናኛዎቹ ላይ ቀርተው ዝገትና የኃይል መፍሰስ ያስከትላሉ። በዚህም ምክንያት በጎርፍ የተጠመቀ ብሬከር፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያና ኤሌክትሮኒክስ ያለው መብራት ደርቆ የሚሠራ ቢመስልም ይጣላል እንጂ ተመልሶ አይገጠምም። በተለይ ብሬከር ውስጡ ዝጎ መውረድ ሲገባው ላይወርድ ይችላል፤ ይህም በተጠቃሚው ዘንድ ብሬከር አለኝ የሚል የውሸት መተማመን ስለሚፈጥር ከነጭራሹ ከመጥፋቱ የከፋ ነው። በኮንዲዩት (የሽቦ ማስተላለፊያ ቱቦ) ውስጥ ያለ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ ግን ጫፎቹና መገናኛዎቹ ውሃ ካልገባባቸው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የመገናኛ ሳጥኖቹ ተከፍተው፣ ደለሉ ተጠርጎ፣ ውሃው ተነፍቶ ከወጣ በኋላ የሽቦው ሽፋን ኃይል ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሚያሳየው መሣሪያ፣ በሜገር ይለካል።

በሜገር ሲለካ ኤሌክትሮኒክስ ያላቸው ዕቃዎች በሙሉ ከመስመሩ ይነቀላሉ፤ ለተለመደው 220/380 ቮልት መስመር 500 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ይጠቅማል፤ ንባቡ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ መስመሩ አይለቀቅም። የፓምፕ ሞተርም እንዲሁ ነው። ውሃ የገባበት ሞተር ተፈትቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ነፋስ በሚመታው ጥላ ወይም ለብ ባለ አየር ይደርቃል፣ ቤሪንጉና ግሪሱ ይለወጣል፣ ከዚያ ይለካል። ጠዋት የተለካው ማታ ላይ ደግሞ ይለካ፤ ቁጥሩ ከፍ እያለ ከሄደ ሞተሩ እየደረቀ ነው፣ ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ግን ማስነሣት ሞተሩን ማቃጠል ነው። ማድረቅን በእሳት ወይም በከፍተኛ ሙቀት ማፋጠን የመጠምጠሚያውን ቫርኒሽ ስለሚጎዳ አይመከርም።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ፤ ነፋስ መስመር ሲጥል ኒውትራሉ ብቻውን ሊበጠስ ይችላል። ያን ጊዜ 220 ቮልት መሆን የሚገባው ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ መብራት የመጣ መስሎት ፍሪጁን የሚሰካ ሰው በደቂቃ ውስጥ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ኃይሉ ሲመለስ ቅርንጫፎቹ ሁሉ እንደወረዱ፣ በዋናው መግቢያ ላይ እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር ያለው ቮልቴጅ ይለካ። ሦስቱም ተቀራራቢና ትክክለኛ ሲሆኑ፣ ጥቂት ጊዜ ታግሠው መዋዠቁ መቆሙን ካዩ በኋላ፣ ውሃ ካልነካቸው የላይኛ ፎቆች ጀምረው አንድ አንድ መስመር ይልቀቁ። እያንዳንዱ መስመር ሲለቀቅ አንድ ሰው ቦታው ላይ ቆሞ ሽታና ድምፅ ይከታተል። የግራውንዱ (የሚፈስን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው) ዘንግና ሽቦውም በጎርፍ ተጋልጦ ወይም ተቆርጦ እንዳይሆን ሳያዩ ምንም ነገር አይልቀቁ።

ሊፍት ያለው ሕንፃ ከሆነ የሊፍቱ ጉድጓድ ውሃ መያዙ ታይቶ ኃይሉ ይቋረጣል፤ የሊፍት ባለሙያ ሳያየው ዳግም አይነሣም። ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ማስጠንቀቂያ ካለ ሊፍቱን ላይኛ ፎቅ ላይ አቁሞ ማጥፋት ብዙ ወጪ ያድናል።

ጄኔሬተር

ጄኔሬተር የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው የሚሰማው እንደ ራስ ምታትና ድካም ያለ ስሜት ስለሆነ ተኝቶ ሊሞት ይችላል። በምድር ቤት፣ በደረጃ ሥር፣ በጋራዥ፣ በሩ ክፍት በሆነ መጋዘን ውስጥም ቢሆን አይነሣም። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዞሮ፣ ከዝናብ በሚጠብቅ ክፍት ዳስ ሥር ይቀመጣል። ይህ ከሰል ማንደጃንም ይመለከታል፤ ክፍል ለማድረቅ ብለው ከሰል አንድደው በር የሚዘጉ ሰዎች አሉና አይፍቀዱላቸው። ከሕንፃው ጋር የሚገናኘውም በማዘዋወሪያ ማብሪያ ብቻ ነው፤ በሶኬት በኩል ኃይል መልሶ መስደድ ምሰሶ ላይ የወጣውን የመሥመር ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ምድር ቤት የገባው ውሃ

ባለቤቱ ውሃው በአንድ ቀን ወጥቶ ማየት ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ፍጥነት እዚህ ላይ ሕንፃውን ሊጎዳ ይችላል። ውጭ ያለው አፈር ውሃ ጠግቦ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሲገፋ፣ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ውጭ እየገፋ ሚዛኑን ይጠብቅለታል። ውስጡ በድንገት ባዶ ከሆነ ግድግዳው ሊሰነጠቅ ወይም ወለሉ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በሕንፃው ዙሪያ የቆመው ውሃ እስኪወርድ ይጠበቃል። ከዚያ በምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ የውሃው ልክ በጠመኔ ይሠመራል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጠጥና ፓምፑ ቆሞ አዲሱ ልክ ይሠመራል፣ ሌሊቱን ይታደራል። ጠዋት ውሃው ከሁለተኛው መስመር በላይ ተመልሶ ከመጣ ውጩ ገና አልደረቀም ማለት ነውና ይጠበቃል። ካልተመለሰ መምጠጡ ይቀጥላል፣ ነገር ግን በቀን ከጠቅላላው ጥልቀት ሲሶ ያህሉን ባይበልጥ ይመረጣል።

የናፍጣ ወይም የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ውጭ ቆሞ ቱቦው ብቻ ወደ ታች ይወርዳል። የማስወጫ ቱቦው ጫፍ ከመሠረቱ ርቆ ወደ መንገዱ ቦይ ይድረስ፤ ከጎረቤት ግንብ ሥር የሚፈስ ውሃ ጠብ ከማስነሣቱም በላይ የጎረቤትን መሠረት ያጥባል። የቆሙ መኪናዎች ካሉ የነዳጅና የዘይት ፊልም በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያ አካባቢ ሲጋራም ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያም አይገባም። ውሃው እየወረደ ሲሄድ ደለሉ ገና ጭቃ ሳለ በአካፋ ይውጣ፤ የአካባቢያችን ደቃቅ ደለል አንዴ ከደረቀ እንደ ልስን ይጣበቃል፤ በማንሆልና በቱቦ ውስጥ ከጠጠረ ደግሞ ማውጣቱ ከባድ ነው።

ጣሪያ

እርጥብ ቆርቆሮ ላይ፣ ነፋስ ባለበትም ሰዓት አይወጣም። የደኅንነት ቀበቶው ከቆርቆሮው ወይም ከአሸንዳው ጋር ሳይሆን ከዋናው የጣሪያ አካል፣ ከትራሱ ጋር ይታሠራል፤ እግርም የሚረግጠው ቆርቆሮውን የሚሸከመው እንጨት፣ ሞራሌው ባለበት የምስማር መስመር ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ዝናቡን ለማቆም ሸራ ይዘረጋል፤ ሸራው ከኮልሞው (ሁለቱ የጣሪያ ወገኖች ከሚገናኙበት ጫፍ) በላይ ተሻግሮ ወደ ሌላኛው ወገን መውረድ አለበት፣ አለዚያ ውሃው ከላይ በኩል ከሥሩ ይገባል። ጠርዙ በቀጭን ጣውላ ተጠቅልሎ ይመታል። በየሰፈሩ እንደሚታየው ድንጋይ መጫን ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ የሚቀጥለው ነፋስ ቆርቆሮውን ካነሣው ድንጋዩ የሚወርደው በሰው ላይ ነው።

ለዘለቄታው ሲጠገን መታወቅ ያለበት ነፋስ ጣሪያን የሚጎዳው በመጫን ሳይሆን በመሳብ መሆኑ ነው፤ መሳቡም የሚበረታው በማዕዘኖች፣ በጣሪያው ጠርዝና በኮልሞው አካባቢ ነው። እነዚያ ቦታዎች ላይ ምስማሩ ወይም ቡሎኑ መሐል ላይ ካለው በእጥፍ መቅረብ አለበት። የተቀደደ ቀዳዳ ላይ መልሶ መምታት አይያዝም፤ ቦታው ተቀይሮ፣ ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ፣ ጎማው ሳይጨፈለቅ ይመታል። የጎን መደራረቡ አንድ ጉብታ ተኩል፣ የቁመት መደራረቡ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ የመደራረቢያው አፍ ነፋሱ በብዛት ከሚመጣበት ወገን ፊቱን ማዞር አለበት። ቆርቆሮው በሙሉ ሳይነቀል ሞራሌው ከነምስማሩ የተነሣ ከሆነ ጉዳቱ ከቆርቆሮው በታች ነው፤ ሞራሌው ከትራሱ ጋር በብረት ማሠሪያ ካልተያዘ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ትርጉም የለውም።

ሮቶውንም አይርሱ። 1,000 ሊትር የሞላ ሮቶ አንድ ቶን ስለሚመዝን ነፋስ አያንቀሳቅሰውም፣ ባዶው ግን ከፎቅ ላይ ይወርዳል፤ ነፋስ ሲጠበቅ መሙላትና በብረት ገመድ ማሠር ይገባል።

ውሃና ፍሳሽ

የምድር ታንከሩ ክዳን ላይ ጎርፍ ካለፈ በውስጡ ያለው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ፍሳሽ እንደገባበት ተቆጥሮ ይታከማል። መጀመሪያ ወደ ላይኛው ሮቶ የሚወስደው ሳራሲኔስካ (የውሃ መዝጊያ ቫልቭ) ይዘጋና ፓምፑ ይቆማል። ታንከሩ ይመጠጣል፣ ደለሉ ይወጣል፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተጋል፤ ወደ ታንከሩ የሚገባ ሰው አየር እንዲገባለት ተደርጎ፣ ከላይ የሚጠብቀው ሰው ቆሞለት ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ በረኪና ይጨመርበታል። ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነና ሽቶ የሌለበት በረኪና ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ይበቃል፤ ይህም በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። 5,000 ሊትር ለሚይዝ ታንከር 5 ሊትር ነው ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ጉልበቱ ስለሚቀንስ አዲስ ይገዛ። ከዚያ ሮቶው በዚሁ ውሃ ይሞላል፣ በሕንፃው ያለ እያንዳንዱ ቧንቧ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። በየበሩ «ይህን ውሃ አይጠጡ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ። በመጨረሻ ሁሉም ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ይታጠባል። የጋሌጃንቴው (ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ቫልቭ) ኳስና መቀመጫው ደለል ስለሚይዝ ተፈትቶ ካልጸዳ ታንከሩ ቀንና ሌሊት ያፈስሳል።

እስከዚያው የሚጠጣ ውሃ ፈልቶ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ታክሞ ይሁን። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ የደፈረሰ ከሆነ ግን አስቀድሞ ረግቶ በጨርቅ ይጣራ።

ሴፕቲክ ታንኩን በተመለከተ የብዙዎች ፍላጎት ወዲያው የመምጠጫ መኪና መጥራት ነው። አፈሩ ውሃ እንደጠገበ ታንኩ ባዶ ከሆነ ግን ሊንሳፈፍ ወይም ግድግዳው ወደ ውስጥ ሊናድ ስለሚችል የከርሰ ምድሩ ውሃ እስኪወርድ የሽንት ቤት አጠቃቀምን መቀነስ ይሻላል። ክዳኑ ሲከፈትም ማንም አይግባ። በጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ራስን ያስታል፤ የወደቀውን ለማውጣት ያለ መሣሪያ ተከትሎ የሚገባው ሰው አብሮ ይሞታል። ይህ በአገራችን ስንት ወንድማማቾችን እንደበላ የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም ጋር ሊደራደር አይገባውም።

ማድረቅና ማጽዳት

ሻጋታ እርጥበት ካገኘ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ውሃ የጠጣ የቺፑድ ኮርኒስ፣ ኤምዲኤፍና ምንጣፍ አይድንም፤ ይውጣ። የብሎኬት ግድግዳ ከውጭ ደርቆ በሆዱ ውሃ ሊይዝ ይችላልና፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ባለው የመጀመሪያ ረድፍ፣ ሽቦና ቧንቧ በማያልፍበት ቦታ፣ ትንንሽ ቀዳዳ በድሪል ሲበሳ ውሃው ይወርዳል። ልስኑ በመዶሻ እጀታ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ለቅቋል፣ ይራገፋል።

ባለቤቶች ቀለም ቶሎ እንዲቀባ ይፈልጋሉ። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ግን ይላጣል፣ ሻጋታውንም ከሥሩ ያሳድገዋል። ለማረጋገጥ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ስስ ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቀው ለ24 ሰዓት ይተዉት፤ በውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ግድግዳው ገና ነው። ፀሐይና ነፋስ ባለባቸው ሰዓታት የትይዩ መስኮቶችን መክፈት ከማንኛውም ማራገቢያ ይበልጣል፤ ዝናቡ ሲመጣ መዝጋት እንዳይረሳ ብቻ።

የጽዳት ሠራተኞችን ሰብስበው አንድ ነገር በጥብቅ ያስጠንቅቁ። በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሁለቱንም በአንድ ባልዲ ማድረግ ብቻ ሳይሆን አንዱ በፈሰሰበት ወለል ላይ ሌላውን ማፍሰስም ያው ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በረኪናው ለብቻው ይመጣል።

ለራስዎና ለባልደረቦችዎ ረጅም የጎማ ቦት፣ ወፍራም ጓንት፣ አቧራ ላይ ደግሞ ጭምብል ያስፈልጋል። ምስማር የወጋው ሰው ቁስሉን በሳሙና አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ቲታነስ ክትባት ይጠይቅ፤ ተቅማጥ የጀመረው ሰው ከሥራ ይውጣና ይታከም። በግቢው የቀረ ኩሬ ይደልደል፣ የታንከርና የሮቶ ክዳንም ክፍተት ሳይኖረው ይገጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች።

ግድግዳው ክፍት ሳለ

ልስኑ ተራግፎ ሽቦው በሚታይበት በዚህ ወቅት ለባለቤቱ መቅረብ ያለበት አንድ ሐሳብ አለ፤ ዋናውን የማከፋፈያ ሳጥንና የፓምፕ ማስነሻውን ከምድር ቤት ማውጣት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን ሲመታ በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ ያሉ ታላላቅ ሕንፃዎች ለሳምንታት የተዘጉት ማከፋፈያቸውና ፓምፖቻቸው ምድር ቤት ስለነበሩ ነው። በእኛ ከተማ ያሉ ብዙ ሕንፃዎችም በዚሁ መንገድ ተሠርተዋል። ሳጥኑን ወደ ምድር ወለል ማውጣት የማይቻል ከሆነ ግድግዳው ላይ ከተሠመረው የጎርፍ መስመር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ ሶኬቶቹም ይከተሉት፣ የምድር ቤቱ መስመሮችም ከቀሪው ሕንፃ ተለይተው ለብቻቸው የሚጠፉበት ብሬከር ይኑራቸው። ወጪውን በሁለት ዓምድ ጽፈው ያቅርቡ፤ በአንዱ አሁን፣ ሽቦው ተጋልጦ ሳለ የሚጠይቀውን፣ በሌላው ልስኑና ቀለሙ ካለቀ በኋላ ዳግም ሲፈረስ የሚጠይቀውን። ባለቤቱ እስኪወስኑ ድረስ የዚያን ግድግዳ ልስን አይጀምሩ።